የማሳጅ ትምህርት ቤት መግቢያ፦ ከማመልከቻው እስከ ፊርማው

በአሜሪካ የማሳጅ ቴራፒ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ብዙ ጥያቄ ልከውልናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ማለት ያለበትን አርዝመን፣ በአጭሩ የሚያልቀውን አሳጥረን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሕመምተኛ ማንሳቱ ወገቤን ስለጎዳው ወደ ማሳጅ ሙያ ለመዞር አስቤአለሁ። የጠየቅኳቸው ትምህርት ቤቶች ግን አንዱ 500 ሰዓት፣ ሌላው 650፣ ሦስተኛው 750 ይሉኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ከመምረጥዎ በፊት ግን የሥራ ፈቃዱን ይመልከቱ። በአሜሪካ የማሳጅ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው፤ ስንት ሰዓት መማር እንዳለብዎት የሚወስነውም ስቴቱ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ፈቃድ ሰጪው የነርሶች ቦርድ ሲሆን ቢያንስ 500 ሰዓት ይጠይቃል። ቴክሳስና ፍሎሪዳም 500 ነው የሚሉት። ኒውዮርክ 1000 ሰዓት ይላል። ካሊፎርኒያ በስቴት ደረጃ የግዴታ ላይሰንስ የላትም፤ ካምቲሲ የሚባለው ምክር ቤት ለ500 ሰዓት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ብዙ ከተሞችና ቀጣሪዎችም ያንን ወረቀት ይጠይቃሉ።

እርስዎ ያሉበት አካባቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ በባቡር የሚያዳርሷቸው ቢሆኑም ፈቃድ የሚሰጡት ለየብቻ ነው። በቨርጂንያ ላይሰንስ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ የሚገኝ ስፓ ውስጥ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያ የት እንደሚሠሩ ይወስኑ፤ ቀጥሎ የዚያን ስቴት ቦርድ ድረ ገጽ ከፍተው የሰዓቱን ልክና የጸደቁ ትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ይደውሉ። ሁለት ስቴት ውስጥ የመሥራት ሐሳብ ካለዎት ከሁለቱ ከፍ ያለውን ሰዓት የሚያሟላ ፕሮግራም ይምረጡ። በኋላ የጎደለ ሰዓት ማሟላት ከባድ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሌላ ትምህርት ቤት ሰዓት ሙሉ በሙሉ አይቀበሉም።

ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በአብዛኞቹ ስቴቶች ኤምብሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር የሚሰጥ 100 የምርጫ ጥያቄ ያለው ፈተና ነው፤ ጊዜው 110 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ900 ነጥብ 630 ነው። የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። የወደቀ ሰው እንደገና ለመቀመጥ 30 ቀን ይጠብቃል።

ስለ ወገብዎ ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ማሳጅ ሰው ከማንሳት ቢገላግልም ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው፣ በአግባቡ ካልተሠራም ወገብንና አውራ ጣትን ይጎዳል። ትምህርት ቤቱን ለመጎብኘት ሲሄዱ አንድ የማሳጅ አልጋ አጠገብ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ክንድዎን ወደ ታች ለቀው እጅዎን ላላ አድርገው ይጨብጡ። የጣትዎ አንጓ የአልጋውን ወለል ከነካ ከፍታው ለእርስዎ ይስማማል ማለት ነው። ካልነካ ወይም ክንድዎ የሚታጠፍ ከሆነ አልጋው ዝቅና ከፍ እንደሚል ይጠይቁ። ሃያ ተማሪ ሁሉ በአንድ ከፍታ ጎንበስ ብሎ የሚሠራበት ክፍል ካዩ፣ ያ ቤት የተማሪን ወገብ አያስብም። ከማመልከትዎም በፊት ሐኪምዎን አማክረው ቀስ በቀስ እንዴት መጀመር እንደሚችሉ ይወቁ።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬ ከኢትዮጵያ ነው። ስሜ በፓስፖርቴና በትራንስክሪፕቴ ላይ በተለያየ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ዓመተ ምሕረቱም የእኛ ነው። ችግር ይሆንብኛል?

መልስ፦ አስቀድመው ካላስተካከሉት አዎ። ብዙ የአገራችን ሰው ማመልከቻው የሚዘገይበት እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይጠይቃሉ። ከውጭ አገር የመጣ ማስረጃ በገምጋሚ ድርጅት ታይቶ ከአሜሪካ ሃይስኩል ጋር እኩል ነው መባል አለበት። ትምህርት ቤቱ የትኞቹን ገምጋሚዎች እንደሚቀበል ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት ይፈልጋሉ። ለማሳጅ ትምህርት ቤት የሚበቃው አጠቃላይ ግምገማው ነው፤ እያንዳንዱን ትምህርት በነጥብ የሚተነትነው ዋጋው ከፍ ይላል፣ ካልተጠየቁ አያስፈልግዎትም።

ስሙን በተመለከተ ለሁሉም ነገር መሠረት የሚሆነው አሁን በእጅዎ ያለው የመንግሥት መታወቂያ ነው። የማመልከቻው ስም፣ የትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት ስም፣ የኤምብሌክስ ምዝገባ ስምና የፈቃድ ማመልከቻው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ፈተና ጣቢያ ላይ መታወቂያዎ «Mekonnen»ን በሁለት ኤን፣ ምዝገባዎ በአንድ ኤን ቢጽፈው ሳይፈተኑ ሊመለሱ ይችላሉ፣ የከፈሉትም ሊቃጠል ይችላል። ለድሮው ማስረጃ ደግሞ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ መሐላ በኖተሪ ፊት ፈርመው ያያይዙ። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከሌለም እንዲሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ገምጋሚው ያውቀዋል፤ ቅጹን የሚሞሉት ግን እርስዎ ነዎት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የጨረሰ ሰው በአውሮፓውያኑ 2006 ጁላይ ላይ ነው የጨረሰው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በአንዱ ቅጽ 1998፣ በሌላው 2006 ብለው ከጻፉ ማስረጃው የተጭበረበረ ይመስላል። በሁሉም ቅጽ ላይ የፈረንጁን ይጻፉ።

በቀድሞው ሥርዓት 10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትነው ወደ ቴክኒክና ሙያ የገቡ አንባቢዎች ግምገማው «ሃይስኩል አልተጠናቀቀም» ብሎ ሊመለስባቸው ይችላል። ያኔ መንገዱ ጂኢዲ የሚባለው የሃይስኩል አቻ ፈተና ነው። አራት ትምህርት ነው፤ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት፤ በእያንዳንዱ 145 ማምጣት ይበቃል። ብዙ ካውንቲዎች የማዘጋጃ ትምህርቱን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ያህል ነው። ምን ይጠይቁኛል? ምን ልልበስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰው የሚፈራውና የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ አይገናኝምና በሰፊው እንመልሳለን።

በመጀመሪያ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ይወቁ። በግል ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የምዝገባ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ተማሪ መመልመልም ነው። ቅድመ ሁኔታውን ላሟላ ሰው በሩ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጆችና ተማሪ በሚመርጡ አንዳንድ ቤቶች ግን አስተማሪዎቹ ራሳቸው ይቀመጣሉ፣ መጣልም አለ። ስልክ ሲደውሉ «ቃለ መጠይቁን የሚያደርግልኝ አስተማሪ ነው ወይስ የምዝገባ ክፍል?» ብለው መጠየቅ ነውር የለበትም።

«ለምን ማሳጅ?» ሳይጠየቅ አይቀርም። «ሰው መርዳት ስለምወድ» የሚለው መልስ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ስለሆነ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከእርስዎ ሕይወት የሚታይ ነገር ያምጡ። በሲኤንኤነት የሠራ ሰው «ለረጅም ጊዜ የተኛን ሰው ሳገላብጥ የት እንደሚያመው ፊቱን አይቼ መለየት ተምሬአለሁ» ቢል፣ ያ ስለ ሙያው የገባውን ያሳያል። አንዳንድ ቤቶች ይህንኑ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ ይጠይቃሉ። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ሰው ፊደሉን እንዲያርምልዎ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ሙሉ በሙሉ እንዲጽፍልዎ ግን አይፍቀዱ። ስለ ጽሑፉ ሲጠየቁ መልሱ ከአፍዎ መምጣት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሙያዊ ማሳጅ ተደርጎልዎት ያውቃል?» የሚለው ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከመግባትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲታሹ ያዛሉ። ካላዘዙም ያድርጉት። በብዙ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ክሊኒክ አለ፣ ዋጋው ከስፓ በጣም ያነሰ ነው። ሊያመለክቱበት ባሰቡት ቤት ክሊኒክ ቢታሹ ደግሞ ሁለት ነገር ያገኛሉ፦ ለጥያቄው መልስ፣ የቤቱንም ጥራት። ተማሪው ሳይጀምር ስለ ጤናዎ ጠየቀዎት? እጁን ታጥቦ መጣ? አንሶላው አዲስ ነው ወይስ ከሌላ ሰው የተረፈ? ግፊቱ ይበዛ እንደሆነ ጠየቀዎት? እነዚህን አስተውለው በቃለ መጠይቁ ላይ ያነሱ አመልካቾች ይታወሳሉ።

መነካትና መንካት ምን እንደሚሰማዎት ይጠይቁዎታል። በትምህርቱ ወቅት ተማሪዎች እርስ በርስ ይተሻሻሉ፤ የሚያሹትን ያህል ይታሻሉ። አንዱን አልፈልግም ማለት ትምህርቱን ግማሽ ማድረግ ነው።

የሥነ ምግባር ጥያቄም አለ። «አንድ ደንበኛ ወሲባዊ ነገር ቢጠይቅዎት ምን ያደርጋሉ?» ይባላሉ። የሚያሳፍር ጥያቄ ስለሆነ ብዙ የአገራችን ሰው አንገቱን ደፍቶ ይስቃል ወይም ዝም ይላል። እባክዎ አያድርጉት፤ ዝምታው «አላውቅም» ተብሎ ይተረጎማል። መልሱ ግልጽ ነው፦ ማሳጁን አቆማለሁ፣ ክፍለ ጊዜው ማለቁን ነግሬ ከክፍሉ እወጣለሁ፣ ለኃላፊዬ ወዲያው አሳውቃለሁ፣ የሆነውን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ቤት ውስጥ ድምፅዎን አውጥተው ይለማመዱት።

የጊዜ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ሰው የሚያቋርጠው ግን በዚህ ነው። በሳምንት አራት ምሽት አራት አራት ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት በሳምንት 16 ሰዓት ነው፤ 500 ሰዓት ለመጨረስ ከ31 ሳምንት ትንሽ በላይ ይፈጃል፣ በዓላትና ዕረፍት ሲጨመሩ ስምንት ወር ገደማ። የሚቆጠረው በክፍል ውስጥ የተገኙበት ሰዓት ስለሆነ የቀሩበት በሙሉ መተካት አለበት፤ አንዳንዶቹ ለሚተካው ሰዓት ለብቻ ያስከፍላሉ። ልጅ ማን እንደሚጠብቅልዎ፣ የሥራ ፈረቃዎ እንዴት እንደሚቀየር አስበው ይሂዱ፤ በወረቀት ላይ የሠሩትን የሳምንት መርሐ ግብር ቢያሳዩ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

እንግሊዝኛውን በሚመለከት የሚፈለገው ደንበኛን መጠየቅና የተባሉትን መረዳት መቻል ነው፦ የት ነው የሚያምዎት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል ወይ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይደናቀፉ መጠየቅና መልሱን መያዝ ከቻሉ ለቃለ መጠይቁ ይበቃል። የሚከብደው ንባቡ ነው። የአናቶሚ መጽሐፋቸውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ አንድ ገጽ አንብበው ዋናውን ሐሳብ በራስዎ ቃል መልሰው መናገር ከቻሉ ይገፉታል። ካልቻሉ አንድ ሴሚስተር ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ቀድሞ መማር ገንዘብም ልብም ያተርፋል። ለትምህርቱ የሚያስፈልጉት የአጥንትና የጡንቻ ስሞች ለአሜሪካኖቹም አዲስ ናቸው። ስካፑላ፣ ፌሙር፣ ትራፒዚየስ ብሎ ማጥናቱ ለሁሉም እኩል ነው።

አለባበሱ ንጹሕ፣ ቀለል ያለ፣ ጫማው ጣት የሚሸፍን ይሁን። ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ መዳፍዎን ወደ ፊትዎ አዙረው ሲያዩት ጥፍር ከጣቱ ጫፍ በላይ መታየት የለበትም። ሰው ሠራሽ ጥፍር፣ ቀለበት፣ አምባር ይቅር። ሽቶም ይቅር። ጠዋት ቡና ከፈላ፣ ዕጣን ከጨሰ ወይም ሽንኩርት ከተቁላላ ደግሞ የሚለብሱትን ልብስ ከዚያ ክፍል ያርቁ፤ ለእኛ የቤት ጠረን ነው፣ አልጋ ላይ ለተኛ ደንበኛ ግን ጠንካራ ሽታ ራስ ምታት ሊያስነሳ ስለሚችል በሙያው ይህን አጥብቀው ይጠብቃሉ።

ጥያቄ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ አባቴ በጎጃም የታወቀ ወጌሻ ነበር። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ፣ አሻለሁ፣ ወለምታ እመልሳለሁ። በቃለ መጠይቅ ላይ ልናገር ወይስ ልደብቅ? ሰዓት ይቀነስልኛል?

መልስ፦ ሰዓት አይቀነስልዎትም፤ የሚቆጠረው በጸደቀ ትምህርት ቤት የተማሩት ብቻ ነው። ይናገሩት ግን፣ በኩራት ይናገሩት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ገላ ዳስሶ ያደገ ሰው የያዘው ነገር ብዙ ተማሪ በወራት የማያገኘው ነው፤ እጁ የተቋጠረውን ጡንቻ ከለሰለሰው ይለያል፣ ሰው ሲፈራና ሲላቀቅ ያውቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አነጋገሩ ላይ ነው። በአሜሪካ ማሳጅ ቴራፒስት በሽታ አይመረምርም፣ አጥንት አይመልስም፣ መድኃኒት አያዝም። «ወለምታ እመልሳለሁ፣ ስብራት እጠግናለሁ» ካሉ ጠያቂው ከፈቃድ ወሰን ውጭ እንደሚሠሩ ይረዳል። «ከአባቴ ማሸት ተምሬአለሁ፤ አጥንት መመለስ የዚህ ፈቃድ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አሁን የምፈልገው የሰውነትን አሠራር በትምህርት ማወቅና በሕጉ መሥራት ነው» ቢሉ ሙሉ መልስ ነው። ትምህርቱን እየተማሩ ሳሉም ያለ ፈቃድ በክፍያ አይሹ፤ በብዙ ስቴቶች ሕግ መጣስ ነው፣ በኋላ የፈቃድ ማመልከቻዎን ሊያበላሽ ይችላል።

ክፍል ከገቡ በኋላ መለወጥ የሚያስፈልጉ ልማዶችም አሉ፤ አስቀድመው ቢያውቋቸው ይጠቅማል። በእኛ ዘንድ ታሺው እስኪጮህ መታሸት የጥሩ እጅ ምልክት ነው። እዚህ ደንበኛው ትንፋሹን ከያዘ፣ ጣቱን ከጨበጠ ወይም ትከሻውን ከሰበሰበ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይጠነክራልና። ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ልክ የት እንደደረሰ እየጠየቁ መሥራት ይማራሉ። ሌላው ትኩስ ጉዳት ነው። ትናንት የታጠፈና ያበጠ ቁርጭምጭሚት በቀጥታ አይታሽም። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ቢታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ሰውየው ወደ ሐኪም ይላካል። «እንዲህ ያለ እግር ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ተብለው በቃለ መጠይቅ ቢጠየቁ መልሱ «አልነካውም፣ ወደ ሐኪም እልከዋለሁ» ነው። ይህን የመለሰ የወጌሻ ልጅ የማንንም ጥርጣሬ ያጠፋል።

ጥያቄ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)፦ ሙስሊም ነኝ፣ ሒጃብ እለብሳለሁ። ወንድ ማሸት አልፈልግም፤ በወንድ መታሸትም እንዲሁ። ትምህርቱን መማር እችላለሁ?

መልስ፦ የሚወሰነው በትምህርት ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁሉም ተማሪ ከሁሉም ጋር እንዲለማመድ ይጠይቃሉ፤ በክሊኒክም የመጣውን ደንበኛ ማስተናገድ ግዴታ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ግን ሴት ከሴት ጋር እንድትለማመድ ያመቻቻሉ። በቃል «ችግር የለም» ቢሉዎት አይብቃዎት፤ በኢሜይል እንዲጽፉልዎ ያድርጉ፣ ስለ ልምምዱም ስለ ክሊኒኩም ለየብቻ ይጠይቁ። ሁለት ወር ተምረው ክሊኒክ ላይ ሲደርሱ የሚመጣ ክርክር ገንዘብዎንም ሰዓትዎንም ይበላል።

ስለ መሸፈን ግን ነገሩ ታሽተው የማያውቁ ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ደንበኛው ብቻውን ሆኖ የሚመቸውን ያህል ያወልቃል፣ አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ ቴራፒስቱ አንኳኩቶ ይገባል። የሚገለጠው በዚያ ደቂቃ የሚታሸው ክፍል ብቻ ነው፤ እግር ሲታሽ አንሶላው በጭኑ ሥር ተጠቅልሎ ይያዛል፣ ሲያልቅ ተመልሶ ይሸፈናል፣ ከዚያ ሌላው እግር ይገለጣል። ሒጃቡ ራሱ ለሥራው እንቅፋት አይሆንም፤ ጫፉ ደንበኛው ላይ እንዳይጎተት ወደ ውስጥ ይከተታል። እጅጌ ግን እስከ ክርን መሰብሰብ አለበት፤ እጅ የሚታጠበው እስከ ክርን ነው፣ ብዙ እንቅስቃሴም በክንድ ይሠራል። ይህንንም አብረው ይጠይቁ። ለኦርቶዶክስ አንባቢዎቻችንም፦ ማተብ ላይ የተንጠለጠለ መስቀል ጎንበስ ሲሉ ደንበኛው ላይ ስለሚወድቅ ከልብስ ውስጥ ይሁን። ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆሞ ማሸት ያዞራል፤ የጠዋትና የማታ ፈረቃ ካለ ይህን አስበው ይምረጡ።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል። «ቦታው እንዳያልፍዎ ዛሬ ይፈርሙ» ይሉኛል። ምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ዛሬ አይፈርሙ። ውሉን ወደ ቤት ይውሰዱ፣ እንግሊዝኛ ከሚያነብልዎ ሰው ጋር ይዩት። ለማየት እንኳ የማይሰጥዎ ቤት ከሆነ መልስዎን አገኙ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ነው። የክፍያው ቁጥር ላይ መጽሐፍ፣ የሚታጠፍ የማሳጅ አልጋ፣ አንሶላና ቅባት፣ የተማሪ የኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ የኤምብሌክስ ክፍያ 265 ዶላር፣ የአሻራ ምርመራና የፈቃድ ማመልከቻ ተጨምሯል ወይስ በኋላ ይመጣል? ቀጥሎ ቢያቋርጡ ስንት እንደሚመለስልዎ፤ ከፈረሙ በኋላ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚችሉባቸው ቀኖች ስንት እንደሆኑ፤ የመመለሻው ሰንጠረዥ በውሉ ላይ መኖሩን ይመልከቱ። ካለፉት ዓመታት ከጀመሩት ስንቱ እንደጨረሱ፣ ከጨረሱት ስንቱ ኤምብሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ አስተማሪ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስም እንዲሁ።

የፌዴራል የትምህርት ድጋፍን በተመለከተ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኛነታቸው የተፈቀደላቸውና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ማመልከት ይችላሉ። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ አይችሉም። ድጋፉ ግን በትምህርት ቤቱ ዓይነትም ይወሰናል። በቆየው ደንብ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ድጋፍ የሚሰጠው ቢያንስ 600 ሰዓትና 15 ሳምንት ላለው፣ በፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ላገኘ ፕሮግራም ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ ከ150 እስከ 599 ሰዓት ላላቸው ሥልጠናዎች አዲስ የፔል ዓይነት አለ፤ ነገር ግን ከ8 ሳምንት ያላነሰ ከ15 ሳምንት ያነሰ ርዝመት ሊኖረው፣ ስቴቱም ሊያጸድቀው ይገባል። በማታ ስምንት ወር የሚፈጅ የ500 ሰዓት ትምህርት በሁለቱም መሐል ይወድቃል ማለት ነው። «ድጋፍ አለ» ሲሉዎት ግራንት ነው ወይስ የሚመለስ ብድር ብለው ይለዩት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያለ ወለድ በየወሩ የሚከፈል ዕቅድ አላቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ክፍል ሳይገቡ «ሰዓቱን ሞልተን ትራንስክሪፕት እንሰጥሃለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ይራቁ። እንዲህ ዓይነት ትራንስክሪፕት ሲደረስበት ፈቃድ ይሰረዛል፣ የስደት ጉዳይዎም ላይ ጥላ ያጠላል።

ጥያቄ (ሂውስተን)፦ ከዓመታት በፊት ጠጥቼ በመንዳት ተከስሼ ነበር። ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ ፈቃድ ቢከለክሉኝስ?

መልስ፦ ሳይመዘገቡ ማወቅ ይችላሉ። በቴክሳስ ፈቃድ የሚሰጠው ቲዲኤልአር ከማመልከትዎ በፊት የወንጀል ታሪክዎን አይቶ የግምገማ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ጥያቄውን በትንሽ ክፍያ ማስገባት ይቻላል። ከወሲብ ወንጀል፣ ከሴተኛ አዳሪነትና ከሰው ንግድ ጋር የተያያዘ ፍርድ በሩን ይዘጋል፤ የእርስዎ ዓይነቱ በጊዜው ርቀትና ከዚያ ወዲህ ባለው ሁኔታ ይመዘናል። የፍርድ ቤቱን መዝገብና ቅጣቱን መፈጸምዎን የሚያሳይ ወረቀት ከአሁኑ ያውጡ። በማመልከቻው ላይ ሲጠየቁ አይደብቁ፤ አሻራ ሲሰጡ ይወጣል፣ መደበቁም ራሱን የቻለ ምክንያት ይሆንባቸዋል።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ አሜሪካ ሄጄ ማሳጅ ተምሬ መመለስ እፈልጋለሁ። በምን ቪዛ ነው የሚኬደው?

መልስ፦ ለሙያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ቪዛ ኤም-1 ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ ለመቀበል የሴቭፕ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ካለውና ከተቀበለዎት አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልክልዎታል፤ 350 ዶላር ሴቪስ የሚባለውን የውጭ ተማሪ ምዝገባ ክፍያ ከፍለው ወደ ኤምባሲው ቀጠሮ ይይዛሉ። የትምህርቱን ሙሉ ወጪና የኑሮውን ገንዘብ ማሳየት አለብዎት። በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ፕሮግራም አይሆንም። እየተማሩ መሥራት አይፈቀድም፤ ከጨረሱ በኋላ ለእያንዳንዱ አራት ወር ትምህርት አንድ ወር፣ ቢበዛ ስድስት ወር የተግባር ሥልጠና ይፈቀዳል፣ እሱም አስቀድሞ ተጠይቆ ነው። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ከኤም-1 ወደ ኤፍ-1 (የአካዳሚክ ተማሪ ቪዛ) መቀየር አይቻልም። የኤምባሲው ጠያቂ ሙያውን ተመልሰው የት እንደሚሠሩበት መጠየቁ አይቀርም፤ በአዲስ አበባ ወይም በቢሾፍቱ ካሉ ስፓዎች አንዱ ሊቀጥርዎ ወይም አብሮዎት ሊሠራ የተስማማበት ደብዳቤ ካለዎት ይዘው ይሂዱ።